አክስቴ ኤደልሚራ ጨርቋን የቀደደችበት ሳምንት

አክስቴ ኤደልሚራ ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ሲቀራት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችውን ጨርቅ አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ከሳጥን አውጥታ መቅደድ ጀመረች።

ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጥሩ ፖፕሊን ሲቀደድ ይጮኻል። አክስቴ ጫፉን በጥርሷ ትነክሳለች፣ ሁለት እጇን በኃይል ትዘረጋለች፣ ጨርቁም ከላይ እስከ ታች ይጮኻል። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ድምፁን ከበር ላይ ሰምቼ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር እየታረደ መሰለኝ።

አክስቴ የሳንታ ሩፊና ቴሌግራፍ ቤት ሠራተኛ ነበረች። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች፤ አባቴም ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላው ወርዶ እዚያው ቀረ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጠዋት ግራጫ ልብሷን ለብሳ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። መስፋት ነፍሷ ነበር፤ የምትሰፋበት ጊዜ ግን አልነበራትም። ስለዚህ ትገዛ ነበር። ገበያ ላይ ደህና ጨርቅ ካየች አልፋው መሄድ አይሆንላትም። ቤት አምጥታ ታጥበዋለች፣ ትተኩሰዋለች፣ አጥፋም በመርፌ ቁልፍ ወረቀት ትሰካበታለች። ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚሆን በቴሌግራም አጻጻፍ ባጭሩ ትጽፋለች። «መጋረጃ። ሳሎን።» «የአልጋ ልብስ። እንግዳ።» «ሊግያ። የመጀመሪያ ቁርባን።» ሊግያ እኔ ነኝ።

ሦስት ትልልቅ የዝግባ ሳጥኖች ጢም ብለው ሞልተው ነበር። ሁሉም ለጡረታዋ ነው። ጎረቤቶች፣ «ይሄን ሁሉ ሰፍተሽ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ጡረታ መውጣት አለብሽ» እያሉ ይስቁባት ነበር። በሦስተኛው ሳጥን ከሁሉ በታች ደግሞ እሳት የመሰለ ቀይ ሳቲን አለ። ወረቀቱ «ለቀኑ» ብቻ ይላል።

«የቱ ቀን ነው?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ።

«ሲደርስ ታይዋለሽ።»

እኔም የበዓል ቀን መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ።

እንግዲህ የዚያን ማክሰኞ ክፍሉ በሰማያዊ ጨርቅ ተጥለቅልቆ አገኘሁት። ውሃ ሰማያዊ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ መስመር፣ ባለ ነጠብጣብ። አክስቴ አሞኛል ብላ እስከ ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ መሀል ተቀምጣ አራት ማዕዘን እያደረገች ትቀድዳለች። ወረቀቶቿ ከነመርፌ ቁልፋቸው ወለሉ ላይ ተበትነዋል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«የአንገት መሀረብ።»

«ለማን?»

«ለሰው።»

«ይሄኛው የሳሎን መጋረጃ አልነበረም እንዴ?»

«ሊግያ፣ መርፌውን አቀብዪኝና አፍሽን ዝጊ።»

ትንሽ ቆይቶ አርሴንዮ በጓሮ አጥር ተሻግሮ መጣ። አርሴንዮ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ነው፤ ኮርቻ ሰሪ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሁሌም ቆዳ ቆዳ የሚሸት ሰው። በአክብሮት ዶን ብዬ ስጠራው፣ «ዶን ካልሽኝማ አርጅቻለሁ» ብሎ ስለከለከለኝ አርሴንዮ ብቻ ነበር የምለው። በሩ ላይ ቆሞ የጨርቁን ክምር አየና፣ «ምነው ኤደልሚራ፣ አራት ወር መታገስ አቃተሽ?» አላት።

ሌላ ቀን ቢሆን መልሳ ትነካካው ነበር። ያን ቀን ሸሚዙን ጨምድዳ እየጎተተች ወደ ማድ ቤት አስገባችው። እኔ በውጭ ዞሬ ከመስኮቱ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

«ወፎቹ ከላይ እየወረዱ ነው» አለች።

«መቼ?»

«ለቅዳሜ ገበያ። ሁለት መኪና ሙሉ።»

«ማነው ይዟቸው የሚመጣው?»

«ሎሪቶ።»

«ፖሊሶቹስ?» አላት።

«ከግቢያችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ ተብለዋል። መልእክቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በዚህ በእጄ ነው የጻፍኩት።»

«ይሄን ለሰው መናገርሽ ቢታወቅ ጡረታሽን...»

«አውቃለሁ።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት የለፋሽበትን...»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!»

ሎሪቶ በእኛ ቋንቋ ትንሽ በቀቀን ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ቅዳሜ በዓል አለ፤ ሁለት መኪና ሙሉ ወፍ ይመጣል፣ በቀቀንም አለ፣ የከተማውም ሰው ሰማያዊ መሀረብ አስሮ ይቀበላቸዋል። ፖሊሶቹ እንዳይወጡ የተባሉት ወፎቹን እንዳያስበረግጉ ይሆናል። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ዛሬ አክስቴ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ወፎቹ እነማን እንደነበሩም አውቃለሁ። በእነዚያ ዓመታት ተራራማው አገራችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ ወገን ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ። ወፍ የሚባሉት በሰማያዊዎቹ ስም ድንገት ወርደው፣ ገድለው፣ ዱካቸው ሳይገኝ የሚበሩት ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። ሳንታ ሩፊና ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የቀዮቹ ከተማ ነበረች።

በማግስቱ ሴቶች አንድ በአንድ በጓሮ በር መምጣት ጀመሩ። እንቁላል ሻጯ ዶኛ ኩስቶድያ ለባላቸውና ለሦስት ልጆቻቸው አራት መሀረብ ወስደው ከቅርጫታቸው ሥር፣ ከጭዱ በታች ደበቁ። ሌላዋ ጡቷ ሥር ወሸቀች። ማንም ሰላም አይልም፣ ማንም አያመሰግንም። አንዷ ብቻ ጎንበስ ብላ የአክስቴን እጅ ሳመች። ሌሎቹን ባለጌዎች አልኳቸው በልቤ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊው አለቀ። አክስቴ ሁለተኛውን ሳጥን ከፍታ ነጩን ጨርቅ አወጣች። የእኔን። ሳፋ ሙሉ ውሃ ላይ፣ ነጭ ልብስ ስናጥብ ጠብ የምናደርጋትን ሰማያዊ ቀለም አንድ ጠርሙስ ሙሉ ገለበጠችበት።

«እሱ የኔ ነው! የቁርባኔ ነው!»

«ሌላ እገዛልሻለሁ።»

ጨርቁን ያዝኩባት። ጎተተች፣ ጎተትኩ። እጇን ነከስኳት፤ ደሟ አፌ ውስጥ ገባ። በዚያው በተነከሰ እጇ በጥፊ ስትለኝ ከሳፋው ጋር ተላትሜ ወደቅኩ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን መትታኝ አታውቅም። እኔ መሬት ላይ ተንፈራፍሬ ሳለቅስ ነጩን ጨርቅ እጥፉን እንኳ ሳትፈታ ውሃው ውስጥ ደፈቀችው። የሚታገላት ነገር ይመስል በሁለት እጇ ወደ ታች ይዛ ቆየች።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከላይኛው መንገድ አንድ በቅሎ ነጂ ሲወርድ አየሁ። በበቅሎው ጀርባ ላይ ሁለት ሰዎች በሆዳቸው ተጋድመው የሙዝ ቅጠል ለብሰዋል። የአንደኛው አንድ እግር ጫማ የለውም። ጭንቅላታቸው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ነፋሱ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርገው አንገታቸው ላይ ቀይ መሀረብ ያሰሩ መሰለኝ። ደማቅ ቀይ፣ እስከ ደረታቸው የወረደ። ከአክስቴ ሰማያዊ ይልቅ ይሄ ያምራል ብዬ አሰብኩ።

መሀረብ አልነበረም።

ቤት ስደርስ አክስቴ ቀዩን ሳቲን አውጥታ በትልቁ መቀስ እየቆራረጠችው ነበር። በእቅፏ ሰብስባ ወደ ሽንት ቤቱ ወሰደችና ጉድጓዱ ውስጥ ትጨምር ጀመር፤ በእንጨትም እየወጋች አሰመጠችው። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። የጉድጓዱ ሽታ ነው ያስለቀሳት ብዬ እኔም አፍንጫዬን ያዝኩ። እሷ ዞር ስትል ከመሬት የወደቀች ጣት የምታህል ቁራጭ አንስቼ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኳት።

«ለቀኑ» የተባለው የሠርጓ ቀን እንደነበር የነገሩኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዶኛ ኩስቶድያ ናቸው። አርሴንዮ ለአሥራ አንድ ዓመት ሲጠይቃት «ጡረታዬን ልያዝና» ትለው ነበር። ዕድሜ ልኳን ግራጫ ለብሳ የኖረች ሴት፣ በቀይ ልታገባ ነበር።

አርብ ዕለት መሀረብ ያልወሰደ አርሴንዮ ብቻ ቀረ። አክስቴ አንድ ሰጠችኝና፣ «አንገቱ ላይ ሲያስር በዓይንሽ ሳታዪ እንዳትመለሺ» አለችኝ። ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ ግን ከዶሮዎቹ ቤት ጀርባ ተቀመጥኩ። አርሴንዮ እምቢ ያለው መሀረቡ ስለማያምር ነው ብዬ ስላሰብኩ፣ ያቺን ቀይ ቁራጭ አወጣሁና መሀረቡ ጥግ ላይ ትንሽ አበባ ሰፋሁበት። አምስት ቅጠል፤ አንዱ ከሌላው የማይመጣጠን። የመጀመሪያ ስፌቴ ነበር። ጣቴን ሦስት ጊዜ ወጋሁት።

አርሴንዮ በግማሽ ጨረቃ ቢላዋው ቆዳ እየቆረጠ ነበር።

«ሂጂ ለአክስትሽ ንገሪያት» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «አባቴ ቀይ አስሮ ኖረ፣ ቀይ አስሮ ተቀበረ። እኔ እንደ እርግብ ሰማያዊ ለብሼ ልደበቅ?»

«ይሄኛው ይለያል። እኔም ሰፍቼበታለሁ።»

ዘረጋው። አበባውን ሲያይ ቢላዋው በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«ማን አየው ይሄን?»

«ማንም።»

«አክስትሽስ?»

«እሷ ቀይ አትወድም።»

«ኧረ?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። መሀረቡን አንገቱ ላይ አሰረ፣ ባለ አበባውንም ጥግ ወደ ውስጥ አጠፈው። «አማረብኝ?»

«በጣም!»

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ አልጋ ሥር አስገብታኝ፣ በሩን በላዬ ቆልፋ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ሄደች። ረፋዱ ላይ የመኪና ድምፅ ስሰማ በመስኮት ዘልዬ ወደ አደባባዩ ሮጥኩ።

በጭነት መኪናዎቹ ላይ ወፍ አልነበረም። ጎጆም ሆነ ላባ አጣሁ። ካባ የደረቡ፣ ጠመንጃና ገጀራ የያዙ ሰዎች እየዘለሉ ይወርዳሉ። አንዱ የገበያ ድንኳን ምሰሶ በገጀራ ሲመታ ሸራው ከነሻጩ ተደረመሰ። ሌላው የሚጮኽባቸውን ውሻ በጥይት ግንባሩን በረቀሰው። ወንዶቹን በሰደፍ እየነዱ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ደረደሯቸው። ሴቶቹ በዚህ በኩል ቆሙ። እኔ በእግሮቻቸው መሀል ሾልኬ ፊት ወጣሁ፤ በቀቀኑን ላይ።

ሎሪቶ አጭር፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ሰው ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው። በመስመሩ እየተራመደ፣ «እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርክ» እያለ የእያንዳንዱን አንገት ያያል።

«እንዴት ያለ ሰማያዊ ከተማ ነው እባካችሁ!» አለ። «ቀይ ናት ብሎ ያደከመኝ ማነው?» ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዳቦ ጋጋሪው ፊት ሲደርስ ቆመ። የመሀረቡን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ገልብጦ አየ። የቀጣዩንም ሰው ገለበጠ። የሦስተኛውንም። አሸተተው።

«አዘማዘሙ አንድ ነው» አለ። «ክሩም አንድ ነው። ቀለሙ ደግሞ ገና ይለቃል፤ እዩት፣ ጣቴን ነከረኝ። ይሄን ሁሉ የሰፋው አንድ እጅ ነው። ቅዳሜ እንደምመጣ የሚያውቅ እጅ። የማነው?»

ሎሪቶ ራሱን ነቀነቀ። ከአጠገቡ የነበረው ሰው ሰደፉን ዳቦ ጋጋሪው ዓይን ላይ አሳረፈው። ሽማግሌው ጋጋሪ ፊቱን ይዞ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መሀል ደም ተንፎለፎለ።

«አሥር እስክቆጥር ነው። ከዚያ ከዚህ ጫፍ እጀምራለሁ።»

ሰባት ሲል አርሴንዮ ከመስመሩ ወጣ።

«እኔ ነኝ።»

«ማነህ አንተ?»

«ኮርቻ ሰሪ። እንጀራዬ መርፌና ክር ነው።»

«ወንዱ ልጅ፣ መሀረብ ትሰፋለህ?» ሳቁበት። «ሰውዬ፣ ሌላ ሰው ልትሸፍን ነው እንዴ?»

አርሴንዮ አንገቱ ላይ ያለውን መሀረብ ፈታና ጥጉን ገልጦ ወደ ላይ አነሳው። ቀዩ አበባ በፀሐይ ታየ።

«ለሰዎቹ ሰማያዊውን ሰፋሁላቸው፣ ለራሴ ይሄን አስቀረሁ» አለ። «ሌላ ማን ይሄን ደፍሮ ይሰፋል?»

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዓይኔ እያየ ውሸት ሊያወራ! የአክስቴን ልፋት፣ የእኔን አበባ ሊወስድ!

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «የሰፋችው አክስቴ ናት! አበባውን ደግሞ እኔ ነኝ!»

ሎሪቶ ቀስ ብሎ መጣና ፊቴ ቁጢጥ አለ። ሳሙና ይሸታል።

«አክስትሽ ማን ትባላለች፣ የኔ ቆንጆ?»

አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ዶኛ ኩስቶድያ ቅርጫታቸውን ጥለው በሙሉ ኃይላቸው በጥፊ አጮሉኝ። ጥርሴ ወልቆ ምላሴ ላይ ወደቀ፤ አፌ ደም ሞላ።

«ዝም በይ አንቺ ቀጣፊ!» አሉ። «ጌታዬ፣ አይስሟት። የሰውዬው ልጅ ናት። አባቷ እንዳይሞትባት ነው የምትቀባጥረው።»

«አባቴ አይደለም!» ልል ስል ደሙ አነቀኝ። ፀጉሬን ይዘው ፊቴን ሆዳቸው ላይ ለጠፉት። የአርሴንዮ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። «ልጄ ናት። ከዚህ አርቁልኝ።»

የመጀመሪያውን ምት አላየሁም። ሰማሁት እንጂ፤ ከሥጋ ቤት የማውቀው ድምፅ ነው። በዶኛ ኩስቶድያ ክንድ ሥር ሾልኬ ሳይ አርሴንዮ ተንበርክኳል። አንገቱን በእጁ ይዟል፤ መሀረቡ ላይ ምንም ሰማያዊ አልቀረም። ሲወድቅ አላቆሙም። ሦስት ሆነው፣ ተራ እየተቀባበሉ፣ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው እየተነፈሱ መቱት። ከእግራችን ሥር የእንቁላሉ አስኳል ከአቧራው ጋር ተለንቁጧል። ከዚያ የኮርቻ ሱቁን አቃጠሉት። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ለሳምንታት ከልብሳችን አልለቀቀም።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሄዱ። ከግንቡ ሥር ከተደረደሩት ወንዶች አንድ ሰው ሞተ፣ አንድ ሰው ዓይኑን አጣ። ሌላው ሁሉ በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ።

አክስቴ ይህ ሁሉ ሲሆን የሽጉጥ አፈሙዝ ጆሮዋ ላይ ተደግኖባት «ሳንታ ሩፊና ሰላም ናት» የሚል ቴሌግራም እያስተላለፈች ነበር። ሲለቋት በእግሯ መጣች። አልሮጠችም። አጠገቡ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ልታነሳ ሞከረች፤ እንደማይነሳ ስታውቅ ቀሚሷን ከሥሩ አነጠፈችለት። እኔ ባበጠ አፌ ትከሻዋን ነካሁና ክሴን አሰማሁ።

«አክስቴ፣ አርሴንዮ ያንቺን ሥራ የኔ ነው አለ።»

ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት ልገልጸው ሞክሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ወር አንድ ሰው አሳበቀባት። ከሥራ የተባረረችበት ቴሌግራም የመጣው በራሷ መሣሪያ ነው። ፊደል በፊደል ሰምታ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈቷ ጻፈችውና ራሷ ለራሷ ፈርማ ተቀበለችው። ጡረታው ቀረ። ወደ ትልቋ ከተማ ወደ ካሊ ተሰደድን። እዚያ በኪራይ ቤት የሰው ልብስ እየሰፋች አስተማረችኝ። ከዚያ ወዲያ ጨርቅ አታስቀምጥም ነበር፤ ሰኞ የተገዛው ማክሰኞ ሰው ይለብሰዋል። ከደንበኛ የተረፈ ቁራጭ እንኳ ቤት አያድርም፤ በር ላይ ላገኘችው ትሰጣለች።

ዶኛ ኩስቶድያን ለዓመታት ጠላኋቸው። ያ ጥፊ ምን እንደነበረ የገባኝ አድጌ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ልጆቹን ስቆጥር በድንገት ነው። ከጥቁር ሰሌዳው ጋር እንደቆምኩ ቀረሁ። ልጆቹ «እትዬ፣ አመመሽ?» አሉኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ስፌት መኪናዋ ላይ ነች።

«አክስቴ፣ ያንን ቀይ አበባ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አደባባዩ ላይም ስምሽን ልጠራ ነበር።»

መኪናው ቆመ።

«አውቃለሁ» አለች። «አርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቴሌግራፍ ቤት መጥቶ በመስኮቱ አሳይቶኛል። መቀሴን ሰጠሁት። ቁረጠው፣ አሁኑኑ፣ ፊቴ ቁረጠው አልኩት።»

«እሱስ?»

«'የመጀመሪያ ስፌቷ ነው፣ ካጣችው ታዝናለች፤ ቅዳሜ ይለፍና አወልቀዋለሁ። ጥጉን አጥፌዋለሁ፣ ማን ያየዋል?' አለኝ። መቀሱን መለሰልኝ።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ነዋ።»

«አንቺ?» መነጽሯን አወለቀች። «ሎሪቶ አላመነውም ነበር እኮ። ያመነው አበባውን ሲያይ ነው። ያ ባይኖር ፍለጋው ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ማን ገደለው ካልሽ፣ ሂሳቡ እኔ ጋ ነው፤ አንቺ አትንኪው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«እስክትጠይቂኝ ነበር የጠበቅሁት። አሥራ ስድስት ዓመት።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «በይ አሁን ነይ፣ ይሄን ጫፍ ያዥልኝ። ነገ ጠዋት የምትወሰድ ቀሚስ ናት።»

ጫፉን ያዝኩላት። ጨርቁን በመካከላችን ወጥረን ቆምን። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበርና ጨርቁም ከእኔ እስከ እሷ ድረስ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ መቀሱን በአንድ እጇ፣ ሌላውን ጫፍ በሌላ እጇ ይዛ፣ እስኪቆም ጠበቀችኝ።